«ደጉ ዘመን» ደግነቱ ለማን ነበር?

ሰሞኑን ከደረሱኝ ደብዳቤዎች አንዱን ሦስት ጊዜ አነበብኩት። መጀመሪያ ሳቅኩ፤ ቀጥሎ ተናደድኩ፤ በሦስተኛው ግን አንገቴን ደፋሁ። ጸሐፊዋ ባለትዳርና የሁለት ልጆች እናት ናት። ስሟና አድራሻዋ እንደ ልማዳችን እኛው ዘንድ ይቀመጣል። ፍሬ ነገሩ ይኸውላችሁ፦

«አባቴ እናታችን ካረፉ ወዲህ ከእኛ ጋር ነው የሚኖሩት። ደግ ሰው ናቸው። አንድ አመል ግን ቤታችንን በጠበጠው። ከእንቅልፋቸው ከነቁ ጀምሮ እስኪተኙ ድረስ ‹በእኛ ጊዜ› ነው። ልጆቹ ፊልም ሲያዩ ‹ሲኒማስ በእኛ ጊዜ ቀረ›፤ ሙዚቃ ሲከፍቱ ‹አሁን ይሄ ዘፈን ነው ጩኸት?›፤ እኔ አምሽቼ ከሥራ ስገባ ‹በእኛ ጊዜ ሴት ልጅ ቤቷን ነበር የምታውቀው›። የባለቤቴ ትዕግሥት እያለቀ ነው። ልጆቹ አያታቸው ሳሎን ሲገቡ ሹልክ ብለው ወደ መኝታ ቤት ይሸሻሉ። ዝም ይበሉ እንዳልላቸው አባቴ ናቸው፤ እኔ ዝም እንዳልል ደግሞ ሆዴ እየቆሰለ ነው። ምን ላድርግ?»

ልጄ፣ ዕድልሽ ሆኖ አቤቱታሽን ያቀረብሽው ለራሱ ለተከሳሹ ነው! እኔም እንዳባትሽ «በእኛ ጊዜ» ባይ ነኝ። ሰባ አምስት ዓመቴን ደፍኛለሁ። አምስት የልጅ ልጆች አሉኝ፤ አምስቱም ወሬ ስጀምር ስልካቸው ላይ ያቀረቅሩ ነበር። የዛሬ ዓመት አንድ ሰው አፌን እስኪያስይዘኝ ድረስ ጥፋቱ ሁሉ የነሱ ይመስለኝ ነበር። ያ ሰው ማን እንደሆነ ከመናገሬ በፊት ግን እስቲ ትንሽ ለአባትሽ ልሟገትላቸው። ምክንያቱም ናፍቆታቸው ውሸት አይደለም።

አይ ናዝሬት!

እኔ ያደግኩት ያኔ ናዝሬት በምንላት በዛሬዋ አዳማ ነው። በእኛ አቆጣጠር በ1950ዎቹ ናዝሬት አንዱ ጫፍ ላይ ያስነጠሰ ሰው ከሌላው ጫፍ «ይማርህ!» የሚባልባት ከተማ ነበረች። ታክሲያችን ጋሪ ነው። የፈረሱ ቃጭል ሲሰማ የማን ጋሪ እንደሆነ ሳናይ እንለያለን። ሰዓታችን ደግሞ ባቡር ነው። ከጅቡቲ ተነስቶ አዲስ አበባ በ1909 ዓ.ም. የደረሰው ያ ሐዲድ መሐል ከተማችንን ያልፋል። ባቡሩ ሲያፏጭ፣ የሚመጣልን እንግዳ ኖረም አልኖረም፣ ጣቢያው ድረስ መሮጥ ግዴታችን ነበር። ሴቶቹ ቆሎ፣ የተቀቀለ እንቁላልና ፓፓዬ ይዘው በየመስኮቱ ሥር ይሯሯጣሉ፤ እኛ ደግሞ ፈረንጅ እንቆጥራለን።

ወንጂ ስኳር ፋብሪካ በ1946 ዓ.ም. ሥራ ከጀመረ ወዲህ ደመወዝ በሚከፈልበት ሰሞን ከተማዋ ሌላ ትሆናለች። ልብስ ሰፊዎቹ በየበረንዳው ሲንጀራቸውን እስከ ማታ ያሽከረክራሉ፤ ጠጅ ቤቱ ይሞላል፤ አዝማሪው ድምፁ እስኪዘጋ ይዘፍናል። እኛ ልጆቹ የሸንኮራ መኪና ከኋላ አባርረን አንድ አገዳ ከመዘዝን ቀኑ ሠርግ ነው።

ሬዲዮ ያለው ቡና ቤት ነው። ትልቁ ፊሊፕስ ከባንኮኒው በላይ መደርደሪያ ላይ፣ እንደ ሙሽራ ጥልፍ ጨርቅ ለብሶ ይቀመጣል። ባለቤቱ ካልሆነ በቀር ቁልፉን የሚነካው የለም። አበበ ቢቂላ ሮማ ላይ በባዶ እግሩ ያሸነፈው ጳጉሜ 5 ቀን 1952 ነው፤ ማግሥቱ እንቁጣጣሽ ነበር። እኔ የዘጠኝ ዓመት ልጅ ነኝ። በዚያ ሰሞን የሰፈሩ ልጅ ሁሉ ጫማውን አውልቆ (ጫማ የነበረው ማለቴ ነው!) ከባቡር ጣቢያ እስከ ገበያ ሲሮጥ ይውል ነበር። ጥር 13 ቀን 1954 ደግሞ አዲስ አበባ ላይ ኢትዮጵያ ግብፅን 4 ለ 2 አሸንፋ የአፍሪካን ዋንጫ ወሰደች። ያን ቀን ሬዲዮው ሥር የነበረውን ሰው ብታዩ! ቡና ቤቱ ሞልቶ ሰው መንገዱን ዘግቶ ቆሟል። መደበኛው ሰዓት አልቆ ሁለት እኩል ሲሆን ትልልቅ ሰዎች አንገታቸውን ደፍተው ይጸልያሉ። ጭማሪው ሰዓት ላይ ሁለቱ ጎሎች ሲገቡ የማናውቀውን ሰው ሁሉ አቅፈን ሳምን።

ሲኒማ አንድ ስሙኒ ይበቃል። የካውቦይ ፊልም ከሆነ «አክተሩ አይሞትም!» እያልን እንጮሃለን። የሕንድ ፊልም ከሆነ እናለቅሳለን። «መዘር ኢንዲያ» የሚባለው፣ ናርጊስ የሠራችበት የ1957 (እ.ኤ.አ.) ፊልም እኛ ከተማ ሲመጣ አሥር አሥራ አንድ ዓመት ቢሆነኝ ነው። ያቺ እናት በሬ አጥታ ሞፈሩን ራሷ ስትጎትት፣ ከሕንድኛው አንድ ቃል ሳንሰማ ሲኒማ ቤቱ በሙሉ በለቅሶ ተናጠ። ይህን ለቅሶ ያዙልኝ፤ ወደ ኋላ እመለስበታለሁ።

ጎረምሳ ስሆን የጥላሁን ገሠሠና የብዙነሽ በቀለ ዘመን መጣ። አምሃ እሸቴ በ1969 እንደ ፈረንጆቹ አምሃ ሪከርድስን ከፍቶ የነዓለማየሁ እሸቴንና የነማሕሙድ አሕመድን ሸክላ ሲያወጣማ፣ ሸክላ ማጫወቻ ያለው ልጅ በከተማው ውስጥ እንደ ልዑል ይታያል። ፀጉራችንን አፍሮ አበጥረን ፎቶ ቤት እንሄዳለን። ፎቶ አንሺው ሐይቅና ዛፍ የተሳለበት መጋረጃ ፊት ያቆመናል። ከፎቶው ጀርባ «ለማይረሳኝ ጓደኛዬ፣ ለማስታወሻ» ብለን ጽፈን እንለዋወጣለን። ደብዳቤም ቢሆን «ከናፍቆትህ በስተቀር እኔ ደህና ነኝ» ሳይባል አይጀመርም ነበር። እናንተዬ፣ ይሄ አይናፍቅም?

ይናፍቃል እንጂ! ደግሞም ናፍቆት እንዲያው የሽማግሌ ሞኝነት እንዳይመስላችሁ። በ1688 እ.ኤ.አ. ዮሐንስ ሆፈር የሚባል የስዊዘርላንድ የሕክምና ተማሪ ከአገራቸው ርቀው የሚኖሩ ሰዎች በናፍቆት ሲታመሙ አይቶ «ኖስታልጂያ» የሚል ስም አወጣለት፤ በሽታ ነው ብሎ መጽሐፍ ጻፈበት። የዛሬዎቹ አጥኚዎች በሽታነቱን አይቀበሉም። እነሱ የሚሉት፣ ሰው ዕድሜው ከገፋ በኋላ ከሁሉ አብዝቶ የሚያስታውሰው ከ10 እስከ 30 ዓመቱ ድረስ ያየውን ነው፤ መጀመሪያ የሰማነው ዘፈን፣ መጀመሪያ የወደድናት ልጅ፣ መጀመሪያ የለበስነው ሱፍ፣ ሁሉም እዚያ ነው የተቀመጠው። እንግዲህ አባትሽ «በእኛ ጊዜ ዘፈኑ ጣፋጭ ነበር» ሲሉ፣ ግማሹን የሚያወሩት ስለ ዘፈኑ ሳይሆን ስለ ሃያ ዓመታቸው ነው። ማን በሃያ ዓመቱ ያልጣፈጠው አለ?

ያን ጊዜ ከጀርባዬ አንድ ድምፅ መጣ

ታዲያ አምና ፋሲካ ቤቴ ሰው ሞልቷል። ልጆቼ፣ የልጅ ልጆቼ፣ በሦስት ዓመት የምትበልጠኝ እህቴም አለች። ዶሮው ተበልቶ ቡናው ሲቀርብ እኔ እንደ ልማዴ የአፍሪካን ዋንጫ ጀመርኩ። የልጅ ልጆቼ ጣታቸውን ስልካቸው ላይ ማንሸራተት ቀጥለዋል። እኔ ግን ማን ሊያቆመኝ! «ልጆች፣ ያን ቀን ናዝሬት ውስጥ ሬዲዮው ሥር ያልነበረ አንድ ሰው አልነበረም! ከተማው ሁሉ እዚያ ነበር!» አልኩ።

«ሁሉ?» አለች እህቴ ሲኒዋን ሳታስቀምጥ።

«አዎ፣ ሁሉ!»

«እኔስ የት ነበርኩ?»

እንግዲህ ምን ልበላችሁ… አላውቅም። ስድሳ ዓመት ሙሉ ስተርከው የኖርኩት ቀን ነው፤ እህቴ በዚያ ቀን የት እንደነበረች አላውቅም።

«እኔ ቦኖ ላይ ነበርኩ» አለች። «ወረፋ ደርሶኝ እንስራዬን ሞልቼ ልነሳ ስል ጩኸታችሁን ሰማሁ። ሰው የሞተ ነው የመሰለኝ። አንተ ባቡር ሐዲድ ላይ ትጫወት ስለነበር ‹ወንድሜን ባቡር በላብኝ› ብዬ ስሮጥ እንስራው ወድቆ ተሰበረ። ደርሼ ሳይ ከሰው ትከሻ ላይ ሆነህ ትስቃለህ። ማታ ለእንስራው ተገረፍኩ። አገር ዋንጫ ሲበላ እኔ ዱላ በላሁ።»

መጀመሪያ ሁላችንም ሳቅን፤ እህቴ ቀልድ ታውቅበታለች። ቀጥሎ ግን ቤቱ ጭጭ አለ። ትንሿ የልጅ ልጄ ስልኳን ገልብጣ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችና «እማማ፣ ከዚያስ?» አለቻት። «ከዚያስ» የሚለውን ቃል እኔ በአሥር ዓመት ወሬዬ አንድ ቀን አግኝቼው አላውቅም! እህቴ ሁለት ሰዓት አወራች። ማንም ከመቀመጫው አልተነሳም።

ሰዎቹ ሲበተኑ አሮጌውን የፎቶ አልበም አወጣሁ። ከ1952 እስከ 1960 ዓ.ም. ባሉት ዓመታት የተነሳሁት ሰባት ፎቶ አለ፤ ሐይቅ ፊት፣ ዛፍ ሥር፣ በአፍሮ፣ በካኪ። የእህቴ አንድ ነው፤ እሱም የሠርጓ። በፎቶው ላይ ዓይኗ ወደ መሬት ነው። አሥራ አምስት ዓመቷ ነበር።

ሕግ ተጥሶ እንዳይመስላችሁ። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ለወንድ 18፣ ለሴት 15 ዓመት ነበር የጋብቻ ዕድሜ ያደረገው። ለሁለቱም እኩል 18 የሆነው በ1992 ዓ.ም. በተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ ነው። «በእኛ ጊዜ ሴት ልጅ ቤቷን ነበር የምታውቀው» የምንለው ጊዜ እንግዲህ ይኸው ነው። ሌላ ቦታ እንድታውቅ ማን ፈቀደላት?

ያን ሌሊት ያ የሕንድ ፊልም ትዝ አለኝ። በፊልሙ ውስጥ ያለችው ሴት ቀንበር ስትሸከም አልቅሼ ወደ ቤቴ ገባሁ፤ ወዲያው «ውሃ ጠማኝ» አልኩ፤ እህቴ ቀድታ ሰጠችኝ። ውሃው ከየት እንደመጣ አልጠየቅኩም። ለሕንዷ እንባ ነበረኝ፣ ለእህቴ ግን ጥያቄ እንኳ አልነበረኝም።

ሌላም የማንተርከው አለ። ከእኔ ቀጥሎ የተወለደ ወንድም ነበረን፤ ኩፍኝ ነው የወሰደው። ያኔ ኩፍኝ ያልወጣለት ልጅ ከልጅ አይቆጠርም ይባል ነበር። ፊቱን ፈንጣጣ የጎዳው ሰው በየሰፈሩ ነበር፤ ፈንጣጣ ከአገራችን ጨርሶ የጠፋው በ1968 ዓ.ም. ነው። «ደጉ ዘመን» እያልን ስናወራ እነዚህን ሰዎች ከፎቶው ላይ ቆርጠን ማውጣታችን ነው።

«አንቺ አሳዪኝ»

ከወር በኋላ እህቴን «እትዬ፣ ናዝሬት እንሂድ» አልኳት። «ምን ልታሳየኝ?» አለች። «አንቺ አሳዪኝ» አልኳት። ትንሽ አሰበችና ነጠላዋን አንስታ መኪና ውስጥ ገባች።

በልጅነታችን ዓይናችንን በአቧራ የሚሞላው የናዝሬት ነፋስ ዛሬ እንጀራ አግኝቷል። ተራሮቹ ላይ ነጫጭ የነፋስ ማመንጫዎች ተተክለዋል፤ የመጀመሪያው 51፣ ሁለተኛው 153 ሜጋዋት ነው። እህቴ በመስኮት አይታ «ያ ሁሉ አቧራ ለካ መብራት ነበር!» አለች። አሮጌው ባቡር ከቆመ ዓመታት አልፈዋል። በ2010 ዓ.ም. መንገደኛ ማመላለስ የጀመረው የኤሌክትሪክ ባቡር የሚቆመው ከከተማው ወጣ ብሎ ነው። እኔ የድሮውን ጣቢያ ላይ ልሂድ አልኩ፤ እሷ ግን እጄን ይዛ ወደ ሌላ መንገድ ወሰደችኝ። ቦኖው ወደነበረበት።

ዛሬ እዚያ ቦታ ላይ የስልክ መለዋወጫ የሚሸጥበት ሱቅ አለ። እህቴ ከሱቁ በር እስከ ድሮው ቤታችን በእግሯ አስኬደችኝ። ባዶ እጄን፣ በአስፋልት፣ ጉልበቴ አቃሰተ። እሷ በዚያ አቧራ ላይ ሙሉ እንስራ አዝላ በቀን አራት ጊዜ ተመላልሳበታለች። ያ ውሃ ደግሞ ጉድ ነበረው። የስምጥ ሸለቆ የከርሰ ምድር ውሃ ፍሎራይድ ይበዛበታል፤ በልጅነት የጠጣውን ሰው ጥርስ ያበልዛል። የናዝሬትና የወንጂ ልጅ በጥርሱ ይታወቃል የሚባለው ለዚህ ነው። እህቴ ሳቀችና «ያመጣሁትን ውሃ እኩል ጠጥተናል፤ ጥርሳችን ምስክር ነው» አለችኝ።

ከዚያ ትምህርት ቤቱ በር ላይ ቆምን። ሰባተኛ ክፍልን ጨርሳ፣ ሚኒስትሪ ሳትፈተን የወጣችው ከዚህ በር ነው። በዓመቱ መጀመሪያ፣ በመስከረም 1955፣ የመጀመሪያዎቹ የአሜሪካ ፒስ ኮር መምህራን ወደ ኢትዮጵያ መጡ። እኔ እንግሊዝኛ የለመድኩት ከነሱ ነው፤ በዚያ እንግሊዝኛ ነው ሥራ የያዝኩት፣ በዚያ ሥራ ነው ልጆቼን ያሳደግኩት። እሷ በዚያ መስከረም የሙሽራ ልብስ እየተሰፋላት ነበር።

«ለምን ነበር ያቋረጥሽው?» አልኳት።

«አሁን ነው የምትጠይቀኝ?» አለች። ቁጣ የለውም፤ እንዲያው ገርሟት ነው። «አባባ ‹የሁለቱን ደብተርና ልብስ አልችልም፤ ቤት ውስጥም እጅ ያስፈልጋል› አሉ። ደብተሩ ያንተ ሆነ፣ እጁ የኔ። አልተቀየምኩም፤ ሰው ሆነህ አይቼሃለሁ። ግን ‹ደጉ ዘመን› ስትል፣ ሒሳቡን ማን እንደከፈለ አብረህ ተናገር።»

አንባቢያን፣ እዚያ በር ላይ ቆሜ የምለው ቃል አጣሁ። «ይቅርታ» ማለት ለስድሳ ዓመት ዕዳ ስሙኒ መወርወር ሆነብኝ። ግን አልኩት። እሷም «እግዜር ይስጥልኝ» አለች፤ የቀዳችልኝን ውሃ ጠጥቼ እኔ አንድ ቀን ያላልኳትን ቃል።

ሻይ ልንጠጣ ስንቀመጥ ፈራ ተባ እያልኩ «ታዲያ ከዚያ ጊዜ የሚናፍቅሽ ምንም የለም?» አልኳት። ሳትጠብቁት የመጣ መልስ ይኸውላችሁ፦

«ወረፋው! ቦኖው ከቡና ቤቱ ጀርባ አልነበር? ሬዲዮው በግድግዳው በኩል ይሰማናል። ሬዲዮ በዓይኔ ያየሁት ካገባሁ በኋላ ነው፤ የብዙነሽን ዘፈን ግን ከሁላችሁም በፊት በቃሌ አውቀው ነበር። ሴቶቹ እንስራቸውን ደርድረው ይስቃሉ፣ ያማሉ፣ ያለቅሳሉ። ደግሞ እንስራ ሙሉ ሲሆን ብቻህን አታዝለውም። አንዷ ከኋላ ታሸክምሃለች። የማታውቃት ሴት እንኳ ብትሆን ‹ነይ ላሸክምሽ› ትላለች። ዛሬ ቧንቧው ቤቴ ውስጥ ነው፤ እሰየው፣ እንዲቀርብኝም አልፈልግ። የሚያሸክም ሰው ግን ይናፍቀኛል።»

እኔ ሬዲዮውን፣ ሸክላውን፣ ጋሪውን ስናፍቅ ኖሬያለሁ። እሷ ግን በአንድ ቃል ጨረሰችው። የዚያ ዘመን ደግነት ሸክሙ አልነበረም፤ ማሸከሙ ነበር። ሸክሙ እንኳን ቀረ። ማሸከሙ ግን እንዲቀር ያዘዘ ማንም የለም።

እንግዲህ ወደ አንቺ ልመለስ

ልጄ፣ እስካሁን ስለራሴ የቀባጠርኩት ለምክሩ መንደርደሪያ ነው።

አንደኛ፣ ደብዳቤሽን መልሰሽ አንብቢው። «እናታችን ካረፉ ወዲህ» ብለሽ ነው የጀመርሽው። አባትሽ «በእኛ ጊዜ» ሲሉ «እኛ» የሚሉት ማንን ይመስልሻል? ያን ሲኒማ አብራቸው ያየችው፣ ያን ዘፈን አብራቸው የሰማችው ሴት የለችም። «አዎ፣ ትዝ ይለኛል» የሚላቸው ሰው በቤቱ የለም። ሽማግሌ አንድ ወሬ አሥር ጊዜ የሚደጋግመው አንዳንዴ ወሬውን ወዶት ሳይሆን አጋዥ ፍለጋ ነው። ስለዚህ አንድ ማታ ቡና አፍይና «አባባ፣ እማማን መጀመሪያ ያዩዋት የት ነበር? ምን ለብሳ ነበር?» በያቸው።

ሁለተኛ፣ «ዝም ይበሉ» ከማለት ጠይቂያቸው። «በእኛ ጊዜ ሁሉ ደህና ነበር» ስብከት ነው፤ ስብከት ደግሞ ልጅ ያሸሻል። «ያን ቀን ቁርስ ምን በሉ? ውሃ የሚቀዳው ማን ነበር? እህትዎ የት ነበሩ?» ተብሎ ሲጠየቅ ግን ታሪክ ይሆናል። ታሪክ ደግሞ ልጅ ይጠራል። እኔ በፋሲካ ያየሁትን ነው የምነግርሽ።

ሦስተኛ፣ ልጆቹን ሥራ ስጫቸው። የአያታቸውን አልበም ያውጡ፤ ከየፎቶው ጀርባ ማን እንደሆነ፣ የት እንደሆነ፣ በስንት ዓመተ ምሕረት እንደሆነ እሳቸውን እየጠየቁ ይጻፉ። በእርሳስ ይሁን፤ የእስክሪብቶ ቀለም ወደ ፊት ለፊቱ ያልፋል። ያ የምንረግመው ስልክ ድምፅ ይቀዳል፤ የአባትሽን ድምፅ ይቅዱበት። እኔ የእናቴን ድምፅ ዛሬ ልሰማ ብፈልግ ከየት አገኘዋለሁ? በፎቶው ላይ የሌሉት እነማን እንደሆኑም አስጠይቂ፤ ብዙ ጊዜ ዋናው ወሬ ያለው ከነሱ ዘንድ ነው።

አራተኛ፣ አምሽተሽ ስትገቢ የሚሏትን ቃል ግን አትዋጪያት። በጨዋ ቋንቋ፣ ልጆቹ በሌሉበት፣ «አባባ፣ ያ ጊዜ ለእማማ እንዴት ነበር? መማር ፈልጋ ነበር?» በያቸው። ምናልባት ይቆጣሉ። ምናልባትም እንደ እኔ ዝም ይላሉ። ዝም ካሉ ተያቸው፤ በዝምታቸው ውስጥ ብዙ ነገር እየተገላበጠ ነው። ለባለቤትሽም ይህን ንገሪው፦ ሽማግሌው ቤቱን እያሳነሱበት አይደለም፤ የራሳቸው ቤት ናፍቋቸው ነው። አንድ ቅዳሜ ወደ ተወለዱበት ከተማ ይውሰዳቸው። እሱ ይንዳ፣ እሳቸው መንገዱን ይምሩ። መንገድ የሚመራ ሰው የተናቀ አይመስለውም።

ለእናንተ ለእኩዮቼ ደግሞ አንድ ቃል አለኝ። «በእኛ ጊዜ ጎረቤት ጎረቤቱን ያውቅ ነበር» እያልን የዛሬውን ወጣት ከምንወቅስ፣ እስቲ ዛሬ ማታ ያንኳኳንበት የጎረቤት በር የትኛው ነው? ሦስተኛ ፎቅ ያለችው፣ ሕፃን አዝላ የገበያ ዘንቢል የምትጎትተው ወጣት ስሟ ማን ነው? ጎረቤት ማወቅን የከለከለን አዋጅ የለም። እኛ እያወራን ያለነው ስለ ማሸከም ነው፤ ወረድ ብሎ ማሸከም ግን ወሬ አይፈልግም። ደግሞም «በእኛ ጊዜ» ከማለታችሁ በፊት፣ እህት ያላችሁ እህታችሁን ጠይቁ። ዛሬውኑ ጠይቁ! የኔዋ ሰባ ስምንት ዓመቷ ነው፤ ስድሳውን ዓመት ሳልጠይቃት ነው ያሳለፍኩት።

ከናዝሬት ከመመለሳችን በፊት እህቴን «ፎቶ እንነሳ» አልኳት። ሐይቅ የተሳለበት መጋረጃ ዛሬ የለም፤ የስልክ ሱቁ ልጅ ነው ያነሳን፣ ቦኖው በነበረበት ቦታ ላይ። በድሮ ፎቶዎቼ ላይ በጥርሴ አፍሬ አንድም ቦታ አልሳቅኩም። በዚህኛው ሁለታችንም የበለዘ ጥርሳችንን አሳይተን ስቀናል። አሳጥቤ ሰጠኋት። እሷም ከአልበሙ ውስጥ ከማስገባቷ በፊት ብርጭቆዋን ገፋ አድርጋ፣ ከሰባተኛ ክፍል በወጣ የተቆጠበ ጽሕፈት፣ ከጀርባው ላይ እንዲህ ብላ ጻፈችበት፦ «እዚህ ነበርኩ።»

ልጄ፣ አባትሽ ምን እንዳሉሽ ጻፊልኝ። እናንተም ቸር ሰንብቱ።